አረፋ ያልያዘ ሳሙና

ሽማግሌው ምድር ቤት ውስጥ፣ የውሃ ማለስለሻው ማሽን የጨው በርሜል ላይ ተደፍተው ተገኙ። አናታቸው በቧንቧ መፍቻ ተፈርክሷል፤ ያም አልበቃ ብሎ ገዳዩ ፊታቸውን ጨዋማው ውሃ ውስጥ ደፍቆ ይዟቸዋል። መርማሪዋ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ እንዲህ ያለ ጭካኔ ግን ዛሬም ደሟን ያፈላዋል።

መፍቻው የወንድ ልጃቸው ነበር። ጠዋት ከአባቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ጎረቤት ስለሰማ፣ ፖሊሶቹ ሳያቅማሙ በካቴና አስረውታል። ፊቷን በሻርፕ የሸፈነችው እህቱ ደግሞ ባሏ በዚያን ጊዜ ገላውን ይታጠብ እንደነበር መሰከረች። ባልየው በቅርቡ ነው እዚህ ቤት የገባው፤ ምላሱ ጤፍ ይቆላል።

«የአማትህን ጩኸት አልሰማህም?» አለችው መርማሪዋ።

«እስከ ጆሮዬ አረፋ ውስጥ ሆኜ ምን ልስማ?»

መርማሪዋ እጇን ልትታጠብ ሻወር ቤት ገባች። ሳሙናውን ብትፈትግ ብትፈትግ ግራጫ እድፍ እጇ ላይ ተለጠፈ እንጂ አረፋ የሚባል ነገር ጠፋ። እስረኛውን ጠየቀችው። የሰፈሩ ውሃ ሳሙና እንደማይቀበል፣ ማሽኑ በጨው እንደሚያለሰልሰው ነገራት። አባቱ በርሜሉን ሲያጥቡ መክፈቻውን ስለሚያዞሩት ያልለሰለሰው ውሃ በቀጥታ ቤት ይገባል፤ በዚያ ቀን ገላውን የሚታጠብ ቤተሰብ የለም። ዛሬም ከማለዳ ዘግተውት ነበር። ምድር ቤት ወርዳ አየች። መክፈቻው እንደዞረ ነው።

ሁሉንም ሻወር ቤቱ በር ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ሟቹ ማሽኑን ከማለዳ ዘግተው በርሜሉን ሊያጥቡ ሲሉ ተገደሉ፤ መልሶ የከፈተው የለም። እንካ ሳሙናውን። ያንን አረፋህን አሳየን።»

አማችየው ፈተገ። አረፋ ግን አልወጣም።

«አሁን እጅጌህን ሰብስብ።»

ከክርኑ በላይ ነጭ ጨው ደርቆበታል።

«በርሜል ውስጥ ሰው ደፍቆ የያዘ ክንድ ይህ ነው። ታጥበህ ቢሆን ኖሮ ይለቅ ነበር።»

ሰውየው ሚስቱ ላይ ዘሎ አንገቷን አነቀ። ፖሊሶቹ በዱላ ደብድበው አላቀቁት። በግርግሩ ሻርፑ ወደቀ፤ ፊቷ በቡጢ በልዟል። ጠዋት አባትና ልጅ የተጨቃጨቁት በዚሁ ነበር፦ ልጅ ባሏን ልደብድበው ሲል፣ አባት እኔው አናግሬ ከቤቴ አስወጣዋለሁ ብለው ነበር። ያጎረሰ እጅ ይነከሳል ማለት ይህ ነው።

ካቴናው ወደ ገዳዩ እጅ ተዛወረ። ወንድም እህቱን ትኩር ብሎ አያት።

«እሱ መሆኑን እያወቅሽ እኔን አስያዝሽኝ?»

እህቱ መሬት መሬቱን እያየች መለሰች።

«ባይያዝስ? ማታ አብሬው የማድረው እኔ አይደለሁም?»