ሁለተኛዋ ጥርስ

«ሁለቱንም እንድነቅል ተስማምተዋል አይደል?» አለች የጥርስ ሐኪሟ፣ ፊቷን ወደ ልጅቷ መልሳ።

ልጅቷ ከፊዚክስ ደብተሯ ላይ ቀና አለች። አባቷ በተዘረጋው ወንበር ላይ ግማሽ ጉንጩ ደንዝዞ ተጋድሟል፤ ራሱን ወደ ላይ ወደ ታች ይነቀንቃል። ሐኪሟ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ስታስረዳው ነበር። የታመመችው ጥርስ መነቀሏ የግድ ነው። አጠገቧ ያለችውም መበስበስ ጀምራለች፤ ተጠርጋ ልትሞላ ትችላለች፣ ግን ሦስት አራት ቀን መመላለስ ይጠይቃል። ካልሆነ ዛሬውኑ በአንድ ማደንዘዣ ሁለቱንም ነቅሎ መገላገል ነው። ይህን ሁሉ የተናገረችው አፍና አፍንጫዋን በሸፈነው ማስክ ውስጥ ሆና ነው።

አባቷ ደግሞ የሚሰማው በዓይኑ ነው። ሃያ ዓመት እንጨት መሰንጠቂያ አጠገብ ሲቆም ጆሮውን ማሽኑ በልቶበታል። የሰው ከንፈር ካላየ አንድም ቃል አይገባውም፤ ሳይገባው ሲቀር ደግሞ ሰው ላለማስቸገር ይነቀንቃል። ያንን ንቅነቃ ልጅቷ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ፈጠን ያለ፣ ፈገግታ ያልተለየው፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። አሁንም ያየችው እሱኑ ነው።

ጠዋት ከቤት ሲወጡ ቁርጡን ነግሯት ነበር። «የታመመችዋን ብቻ። ሌላዋን እንዳይነኩብኝ፤ አደራ ጆሮዬ።»

«ጆሮዬ» ነው የሚላት። እናቷ ሥራ ስለምትውል ባንክ ቤት ጆሮው እሷ ናት፣ ስልክ ሲደወል ጆሮው እሷ ናት፣ ከአከራያቸው ጋር ሲነጋገር እሷ ናት። የወላጆች ስብሰባ ላይ መምህሩ «ክፍል ውስጥ ወሬ ታበዛለች» ሲሉ ያስተላለፈችውም እሷው ነበረች፤ «ተሳትፎዋ ጥሩ ነው ይላሉ» ብላ።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ተሰልፈው አሁን ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። ነገ ፈተና አለባት፤ ሁለት ምዕራፍ ገና አልነካችም። ሐኪሟን «ቆይ፣ አልገባውም» ብትላት ሁሉም ነገር ከሀ ይጀመራል። እሷ ቃል በቃል ትደግማለች፣ እሱ ይጠይቃል፣ እሷ መልሳ ትጠይቃለች። ገና ስታስበው ትከሻዋ ወረደ።

«አዎ፣ ተስማምቷል» አለች።

ሁለተኛዋ ጥርስ በቀላሉ አልወጣችም። ልጅቷ ዓይኗን ደብተሩ ላይ ተክላ አንዱን መስመር አሥር ጊዜ አነበበችው። ሲያልቅ አባቷ አፉ ውስጥ ጥጥ ነክሶ ቀና አለና የብረት ሳህኑን አየ። አንድ ጣት አወጣ። ቀጥሎ ሁለት። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

እሷ እስክሪብቶዋን ከቦርሳዋ ውስጥ ትፈልግ ነበር። እስክሪብቶው እጇ ላይ ነው።

ማታ እናቷ ጉዱን ስትሰማ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «ሁለት? ሰው ሳይጠይቁ? ቀልድ ነው እንዴ! ነገ እሄድና ያንን ክሊኒክ ቀውጢ ነው የማደርገው!»

አባቷ እጁን አነሳ። ጉንጩ አብጦ አነጋገሩ ተንሻፏል። «ተዪ፣ ተዪ። ሐኪሟ ጠይቃኛለች። ደነዘዘልህ ወይ ያለችኝ መስሎኝ እኔው ነኝ የነቀነቅኩላት።» እብጠቱን ዳሰሰና ጨመረ፦ «ጥፋቱ የኔ ነው። ጆሮ የሌለው ሰው ቤቱ አርፎ መቀመጥ ነው እንጂ።»

ልጅቷ መጀመሪያ ቀለል አላት። ማንም ወደ እሷ አልዞረም። ቀጥሎ ግን እራቷን ሳትጨርስ ሳህኗን ገፋ አደረገችው።

ፈተናውን እንደምንም ተፈተነች። በማግስቱ አብረውት የሚሠሩት አናጢዎች ስለ አዲሱ የሥራ ሰዓት ስብሰባ ሲቀመጡ አባቷ ሳይገባ ቀረ። «ምን እንደምነቀንቅ አላውቅም» አለ ለእናቷ፣ እንደ ቀልድ። እናቷ አልሳቀችም። ጎረቤቱ ወንበር እንዲጠግንለት ሊያነጋግረው ሲመጣም ከጓሮ አልወጣ አለ። ያ አፉ ሥራ የማይፈታ ሰው ሦስት ቀን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ሰነበተ።

በአራተኛው ቀን ልጅቷ ምሳውን ይዛለት ወደ እንጨት ቤቱ ሄደች። ማሽኖቹ ጠፍተዋል፤ ሠራተኞቹ ጥላ ፍለጋ ወጥተዋል። አባቷ ብቻውን የበር መቃን ይመታል። ሁልጊዜ ምስማሩን በጥርሱ ይዞ ነበር የሚሠራው። ዛሬ አንድ በአንድ ከኪሱ እያወጣ ነው፤ አንዱ ወደቀበትና ጎንበስ ብሎ በሰጋቱራው ውስጥ ይፈልግ ጀመር።

እሷ አገኘችለት። ከዚያ ፊት ለፊቱ ጣውላ ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ሐኪሟ እኔን ጠይቃኝ ነበር።»

«ምን?»

«ተስማምተዋል ወይ ብላ። እንዳልገባህ አውቄያለሁ። ግን አዎ አልኳት።»

ከንፈሯን ትኩር ብሎ አየ። «ድገሚው።»

ሳይገባው ቀርቶ ይሁን ደግሞ መስማት ፈልጎ አላወቀችም። ሁለተኛ ጊዜ መናገሩ ከመጀመሪያው ይብስ ነበር። ድምፅዋ ተሰባበረ፣ ከንፈሯ ግን ቃሉን ጨረሰ።

አባቷ መዶሻውን አስቀመጠ። «ለምን?»

ስለ ሰልፉና ስለ ፈተናው የምትለውን መንገድ ላይ አዘጋጅታ ነበር። «ደክሞኝ ነበር» ብቻ አለች።

«ጥርሷ ገና ታገለግለኝ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«አደራ ብዬሽ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

ከጉልበቱ ላይ ሰጋቱራውን አራገፈ፤ ካለቀም በኋላ ማራገፉን ቀጠለ። «ስንት ጊዜ ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ምኑ?»

«የሚደክምሽ።»

ይህን አልጠበቀችም። «ሁልጊዜ» አለችና እንባዋ መጣ። «ሁልጊዜ ይደክመኛል።»

«ታዲያ አትነግሪኝም?»

«አንተስ እንዳልገባህ መች ትናገራለህ?»

አባቷ አገጩን አከከ። «ያው… አንቺ እንደምትዪው፣ ሼም ነዋ» አለ፤ ሊስቅ ሲል ጉንጩን ያዘ። ከዚያ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አያት። «ቆይ፣ መምህርሽስ ያኔ ስለ ተሳትፎሽ…»

ልጅቷ ራሷን ወደ ግራና ቀኝ ነቀነቀች። አባቷ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ይቅር ብዬሻለሁ አላላትም። የምሳውን ሳህን ተቀበላትና ጣውላው ላይ ቦታ ለቀቀላት፤ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሟ ቁስሉን አየችና «በደንብ እየሻረ ነው» አለች። ከዚያ በመስታወቷ ሌላውን ጎን ስትመረምር ቆይታ ወደ ልጅቷ ዞረች። «እዚህ ጋ አንዷ በጥቂቱ ተሰንጥቃለች፤ በአንድ ቀን ትሞላለች። አሁኑኑ ልሙላት ወይስ ሌላ ቀን ይመጣሉ?»

ልጅቷ በሩን አየችው። ከውጭ ሰልፈኛ ያጉረመርማል። መልሱ ምላሷ ላይ ነበር።

«እሱን ይጠይቁት» አለች። «ማስክዎን ካወረዱት ይገባዋል። ባለፈው አልገባውም ነበር፤ አዎ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሐኪሟ መስታወቷን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። «እኔም እሳቸውን ትቼ አንቺን መጠየቅ አልነበረብኝም» አለች ቀስ ብላ። ማስኩን ወደ አገጯ አወረደችና በርጩማዋን ስባ ከአባትየው ፊት ለፊት ተቀመጠች። «አባት፣ እዚህ ጋ ያለችው…» ብላ ጀመረች።

አባቷ መሃል ላይ ያን ፈጣን ንቅነቃውን ሊነቀንቅ ሲል ልጅቷ አየችው። እሱም እንዳየችው አየ።

ቦርሳዋን አንስታ «ውጭ ነኝ» አለችው፤ በሩን ከኋላዋ ገርበብ አድርጋ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። አንዲት ሴትዮ ሰዓታቸውን እያዩ «ምን ይሠራሉ እስካሁን?» አሏት። ልጅቷ መልስ ከመስጠቷ በፊት ከክፍሉ የአባቷ ድምፅ መጣ፤ መስማት እንደተሳነው ሰው ድምፅ፣ ከፍ ያለ፣ ኮሪደሩ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ የሚያዞር ነበር።

«አልገባኝም! ድገሚልኝ!»

ሐኪሟ ደገመች። ትንሽ ቆይቶ እንደገና «አልገባኝም!» አለ።

የልጅቷ እግር ሊነሳ ነበር። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና ተጫነችው።

«ይቆያሉ» አለቻቸው ሴትዮዋን።