ሜዳው ባዶ ነበር

ማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን ዛሬ አልዋሽም... አንዴ ዋሽቼ የመጣብኝን አይቻለሁ።

ዓምና ኅዳር ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቴፒ አጠገብ።

አንድ ባለሀብት ቡና እርሻው ውስጥ ለትንሿ አውሮፕላኑ ማረፊያ ሜዳ አስጠርጓል። ጠባቂው እኔ ነበርኩ። ሥራዬ አንድ ነው፤ ሜዳው ላይ ምንም ነገር እንዳይኖር ማድረግ።

ያን ቀን በረራ የለም ተብሏል። እኔና ባለቤቴ ምሕረት ማን ያየናል ብለን የራሳችንን ቡና ሜዳው ላይ በሸራ አሰጣን።

ጎንበስ ብለን ስናገላብጥ ጥላ አለፈብን።

ቀና አልን። አውሮፕላኗ ናት... ድምፅ የላትም። ሞተሯ ጠፍቶ ንፋሱ ብቻ ፉ... ይላል።

አብራሪው ይትባረክ ከላይ እኛን አየን። እኛ ላይ ላለማረፍ ክንፏን አዘንብሎ ወደ ዛፎቹ ዞረ።

ቅርንጫፍ ሲሰበር ሰማን። ከዚያ የይትባረክ ድምፅ መጣ።

"ሕዝቅያስ... አለህ?"

ወደ ድምፁ ዞርኩ።

"ሸራውን ጠቅልል" አለች ምሕረት በሹክሹክታ። "ሰው ሳይመጣ።"

"እየጠራኝ እኮ ነው።"

"መጀመሪያ ሸራውን።"

አራት ሸራ ነበር። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ መጥራቱን ተወ።

ሄደን ስናየው ትንፋሹ የለም።

ለመርማሪዎቹ "ሜዳው ባዶ ነበር፤ ለምን እንደዞረ አላውቅም" አልኩ። ለቅሶ ላይ እናቱ እጄን ይዛ "ቀድመህ የደረስክለት አንተ ነህ አሉኝ" ብላ መረቀችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዘንድሮ ቡናውን ግቢያችን አሰጣን።

በመጀመሪያው ቀን፣ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ቡናው መሃል ለመሃል ተከፍሎ አገኘሁት። አንድም ፍሬ የሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ሆኗል።

"አንቺ ነሽ የጠረግሽው?"

"እኔማ አንተ መስለኸኝ..."

መልሰን በተንነው። በማግስቱ ግን መንገዱ ከሸራው አልፎ ሣሩን እያስተኛ ወደ ቤታችን ቀጠለ። በሦስተኛው ቀን ደጃፋችን ደረሰ።

ዛሬ ዘጠኝ ሳይሞላ ቡናውን ሁሉ አፍሰን አስገባን። ወለሉ ላይ ዘርግፈን በሩንም መስኮቱንም ቀረቀርን።

ቡናው ሲንኮሻኮሽ ሰማን።

ፍሬዎቹ አንድ በአንድ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተንከባለሉ... መሃሉን ለቀቁ።

እኔ ለይትባረክ ያልጠረግሁለት ሜዳ ነው። አፍሬ አንገቴን ደፋሁ።

ንፋሱ ፉ... አለ።

ከዚያ በተዘጋው ቤት ውስጥ ጥላ አለፈብን።