ኮምጣጣ ውሃ

ኬሚስቷ የተገኘችው ፋብሪካው አመዱን በሚያጠራቅምበት ኩሬ ዳር በአፍጢሟ ተደፍታ ነው። ፖሊስም ጊዜ አላባከነም፤ ማታ እዚያው ሲጨቃጨቃት የታየውን ባሏን፣ የአመድ መኪናውን ሾፌር፣ በካቴና አሰረው። ሚስት ስትሞት ባልን ማሰር መቼም የማያረጅ ዘዴ ነው።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ገለባ አታሳልፍም። መጀመሪያ የሄደችው ወደ ሾፌሩ ነበር።

«በምን ተጣላችሁ?»

«ልጆቹን ይዘን ከቤት እንውጣ አለችኝ። ከከተማው ቆሻሻ ጋር የምንደፋው አመድ መርዙ በውሃ እየሟሟ ወደ መጠጥ ውሃ ጉድጓዳችን ወርዷል አለች። እኔ ደግሞ አለቃሽ ንጹህ ነው ብሎ ፈርሞ የለም ወይ አልኳት።» የተሰነጣጠቀ መዳፉን ዘረጋ። «ያ ኩሬ እንደ ሳሙና ያሟልጫል፣ ቆዳ ይልጣል። የልጆቼን እናት እዚያ እከታለሁ?»

ከዚያ ወደ ላቦራቶሪው ሄደች። ገንዳው ባልታጠበ ጠርሙስ ተሞልቷል። አንድ የፕላስቲክ በርሜል ብቻ ታጥቦ ነጭ ወረቀት ላይ ተደፍቷል። የላቦራቶሪው ኃላፊ ከወንበሩ ሳይነሳ አነጋገራት።

«አመዱን በምንድን ነው የምትፈትሹት?»

«በተጣራ ውሃ ዘፍዝፈን የወጣውን እንለካለን። የሚወጣ ነገር የለም።»

«እሷስ?»

«እሷማ በአቼቶ ካልሆነ ትል ነበር። ቆሻሻ ሲበሰብስ ውሃውን ያኮመጥጠዋል፣ ኮምጣጣ ውሃ ደግሞ ከአመዱ እርሳስና አርሴኒክ ያወጣል ባይ ናት። አልፈቀድኩላትም።»

ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ሲደውል ወንፊት ብዙም አልጠየቀችው። ሾፌሩን፣ የፋብሪካውን ሥራ አስኪያጅና ኃላፊውን እዚያው ላቦራቶሪ ሰበሰበቻቸው።

«ሟቿ ውሃ ውስጥ ታፍና ነው የሞተችው» አለች። «ሳንባዋ ውስጥ የተገኘው ውሃ ግን አቼቶ ይሸታል። የኩሬው ውሃ አቼቶ የለውም። የሞተችው እዚህ ክፍል፣ ተከልክላ በድብቅ በዚያ በርሜል ያዘጋጀችው ኮምጣጣ ውሃ ውስጥ ነው። ሾፌሩ የዚህ ክፍል ቁልፍ የለውም። ያላችሁ ሁለታችሁ ናችሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ብድግ አለ። «እኔ በዕድሜዬ ብርጭቆ እንኳ አጥቤ አላውቅም!»

«ያዳነዎትም ስንፍናዎ ነው፤ ይቀመጡ። ገዳዩ ውሃውን ደፍቶ በርሜሉን ሳያጥብ ቢሄድ ማን ያውቅ ነበር? እጁ ግን ልማዱን አልተወም። አለቅልቆ፣ ነጭ ወረቀት አንጥፎ፣ እንዲደርቅ ደፋው። ያ የላቦራቶሪ ሰው እጅ ነው።»

ኃላፊው ሊስቅ ሞከረ። «የታጠበ በርሜል ምስክር ይሆናል?»

«አይሆንም። ኩሬው ግን ይሆናል። ሬሳ ተሸክሞ እዚያ የገባ ሰው እግሩ ሳይላጥ አይወጣም። ካልሲዎን ያውልቁ።»

አላወለቀም። ሥራ አስኪያጁ ወንበሩን ከአጠገቡ አራቀ። ሾፌሩን ይዞ የመጣው ፖሊስ ጎንበስ ብሎ የኃላፊውን ሱሪ ሲሰበስበው ፋሻው እስከ ጉልበቱ ድረስ ታየ።

«ውጤቱን ላውጣው አለች» አለ ኃላፊው። «ንጹህ ነው ብዬ የፈረምኩት እኮ እኔ ነኝ! ለመንኳት። አልሰማ አለችኝ።»

ካቴናው ከሾፌሩ እጅ ተፈታ። ገዳዩን ዞር ብሎም አላየው፤ ስልክ ለምኖ ቤቱ ደወለ።

«ልጄ፣ ስሚኝ። ጀሪካኑን ድፊው። ሁሉንም። እናትሽ እውነቷን ነው፤ ከጉድጓዱ እንዳትጠጡ።» አዳመጠ። «ለትንሿ? ... አሁን ነው ያጠጣሻት?»

ወንፊት ወንበር ሳበችለት። እሱ ግን መሬት ላይ ቁጭ አለ።