የከድር መጥረጊያ

የፕላስቲክ ሳር በዱቄት ሳሙና ያጠበ ሽማግሌ አይታችሁ ካላወቃችሁ፣ ያው እኔ ነኝ፣ ተዋወቁኝ። ቂልነቴን ያስቀደምኩት ሌላ ሰው ሳይነግራችሁ ብዬ ነው እንጂ፣ የቀትር ጋኔን ምናምን የሚባል ነገር አምኜ አላውቅም፣ በቀትር ወንዝ አትውረድ ሲሉኝ ሆን ብዬ ወርጄ የምታጠብ ሰው ነበርኩ።

ቡታጅራ ውስጥ ሰው ሰራሽ ሳር የተነጠፈባት አንዲት የኳስ ሜዳ አለች፣ እሷን እጠብቃለሁ። አትታጨድ፣ አትኮተኮት፣ ሥራው የተኛውን ሳር በረጅም መጥረጊያ ማስነሳትና ሥሩ ያለውን ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ ማመጣጠን ነው፣ ቀላል ይመስላል አይደል? ከእኔ በፊት የያዛት የልጅነት ጓደኛዬ ከድር ነበር፣ ወድቆ ዳሌው ሲሰበር ልጁ ዘይነባ ወልቂጤ ወስዳ እያስታመመችው ነው። እሱ ሲጠርጋት አንዱ መስመር ፈካ፣ ሌላው ጠቆር እያለ የነጠላ ጥለት ትመስል ነበር፣ ሲጨርስም መጥረጊያውን ገልብጦ በግራው የጎል ብረት ላይ ያስደግፋል። እኔ ስጠርጋት ላም የተኛችበት ትመስላለች። ሰዉ ደግሞ «በጋሽ ከድር ጊዜ እኮ…» ሳይል ሰላም አይለኝም። አልጋ ላይ በወደቀ ሰው ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

የዚያን ቀን የጎረቤት ከተማዋ የቆሼ ልጆች አስር ሰዓት ላይ ለግጥሚያ ይመጣሉ ተባለ፣ ባለሜዳውም «ዛሬ ካላማረች ሌላ ጠባቂ እፈልጋለሁ» አለኝ፣ እኔም ከድርን ልብለጠው ብዬ በጠዋቱ ሳሙናውን ነሰነስኩት፣ አረፋው ቁርጭምጭሚቴን ሲያልፍ ውሃ ጠፋ! የእኛ ቡድን አምበል ሙባረክ በአጥሩ አጮልቆ አየኝ።

«ፋዘር፣ በረዶ ጣለ እንዴ?»

«እያስዋብኳት ነው፣ ዝም በል!»

«ጋሽ ከድር ቢኖር እኮ…»

«ከድር የለም!» ብዬ አባረርኩት፣ በሩንም ከውስጥ ቆልፌ ቆርቆሮው ጥላ ሥር ኩርምት አልኩ፣ በዚህ ዕድሜዬ ተባርሬ ቤቴ ስገባ እየታየኝ።

ስድስት ሰዓት አለፈ፣ ሳሩ ግሎ እግር ይጠብሳል፣ ነፋስ የሚባል የለም፣ የማዕዘኗ ባንዲራ እንኳ ሞታለች። ሸርርር የሚል ሰማሁ። ዝም አለ። ደግሞ ሸርርር። ከረጢት ነው አልኩ፣ ድመት ነው አልኩ፣ ከዚያ በመስመሩ ጫፍ ላይ አንድ ሳል ተሰማኝ፣ ከድር ዞሮ ከመመለሱ በፊት የሚስላት ደረቅ ሳል። ቀና ስል አረፋው መሃል ለመሃል እየተሰነጠቀ ነው፣ ሳሩ በአንድ መስመር ቀጥ ብሎ እየተነሳ ነው፣ ፈካ፣ ቀጥሎ ጠቆር፣ ቀጥሎ ፈካ፣ ሰው ግን የለም። እመኑኝ፣ ከፍርሃቱ ቅናቱ ባሰብኝ።

«ተው! ሜዳዋ የኔ ናት!» ብዬ ለባዶ ሜዳ ጮህኩ።

ድምፁ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። ቀጠለ።

ሲያበቃ አረፋ የሚባል አልነበረም። ዕቃ ቤት የቆለፍኩበት መጥረጊያ ተገልብጦ በግራው ጎል ብረት ተደግፏል፣ ጫፉ ውሃ ያንጠባጥባል፣ የከተማው ውሃ ግን እስከ ማታ አልመጣም።

አስር ሰዓት ላይ ሙባረክ ሜዳዋን አይቶ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። «ፋዘር፣ ዛሬ ገና እንደ ጋሽ ከድር ጠረግካት!» ስንት ጊዜ የተመኘኋት ምስጋና መጣችና እንደ እሬት መረረችኝ፣ ቢሆንም አንገቴን ነቅንቄ ተቀበልኩ፣ ምን ላድርግ?

ጨዋታው ሲያልቅ ወልቂጤ ደወልኩ፣ እስከዚያን ቀን ደውዬም አላውቅ።

«ደህና ነው፣ አልሃምዱሊላህ፣ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ዋለ» አለች ዘይነባ። «ግን ጋሽ ተክሌ፣ አንሶላውን ባራገፍኩ ቁጥር ጥቁር ፍርፋሪ አለ፣ የጎማ ነገር፣ ዛሬማ ባሰ። ከየት ነው የሚመጣው?»

ከድር ስልኩን ተቀበላት።

«ተክሌ! ጠፋህ እኮ አንተ! ወላሂ ዛሬ ክንዴ ዝሏል፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። ልትጠይቀኝ ስትመጣ አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዘህ ና።»

«እሺ፣ አመጣለሁ» አልኩት።

እንጀራዬ አልተነካም፣ ሜዳዋም እጄ ላይ ናት፣ እንዲያውም አንዳንድ ቀትር መጥረጊያውን ውጭ ትቼ ዘወር እላለሁ፣ ምናልባት ብዬ፣ አትሳቁብኝ። ወልቂጤ ግን አልሄድኩም። መንገዱ ከብዶኝ አይደለም፣ ብርቱካንም ከገበያ አልጠፋም፣ ስገባ ከፊቱ በፊት መጥረጊያ ልጦት እንደሆነ መዳፉን እንደማይ ስለማውቅ ነው። ያቺ አንድ ኪሎ ብርቱካን እስካሁን አለችብኝ።