ከእምቦጩ ውስጥ የሚመልሰው

የሐሙሱ ደቦ እንደወትሮው ጉሙ ሳይገፈፍ ተጀመረ። እምቦጭ የጣናን ዳር ከወረረው ወዲህ የመንደሩ ሰው ዓሣ ማስገሩን ትቶ አረም ነቃይ ሆኗል፤ ደንገሉ ታንቆ አለቀ፣ ዓሣው ሸሸ፣ ሐይቅ ይሁን የግጦሽ መስክ የማይለይ አረንጓዴ ነገር ዓይን እስከሚደርስበት ተዘረጋ። አበባው ሐምራዊ ነው፣ ያምራል። እንዲህ ያለ ጨካኝ ነገር ማማሩ ነው የሚያናድደው!

ነቃዩ ወገቡን በገመድ ታስሮ ይገባል። ውሃው ደረቱ ጋ ሲደርስ ቅጠሉ ከራሱ በላይ ይሆንና ከዳር አይታይም፤ ስለዚህ ገመዱን የያዘው ሰው በየመሀሉ ስሙን ይጠራዋል። «አለሁ!» ካለ ገመዱ ይላላለታል፣ ወደፊት ይዘልቃል። ዝም ካለ ተጎትቶ ይወጣል። በዚህ ሕግ ብዙ ሰው ተርፏል።

ባለፈው ሳምንት አያልሰው የታናሽ ወንድሙን የእንየውን ገመድ ይዞ ነበር። ጠራው። «አለሁ!» አለው፤ አላላለት። ደግሞ ጠራው፣ ደግሞ መለሰለት። ገመዱ አልቆ ሲስበው ግን ቋጠሮው ሳይፈታ፣ ወገብ ያህል ክብ እንደሆነ፣ ባዶውን መጣ።

ሐይቁን ሲያምሱ ዋሉ፤ ሬሳ የለም። ማምሻውን እናታቸው እማማ ጥሩዬ ከዳር ቆመው «እንየው! ልጄ!» ብለው ቢጣሩ፣ ከወዲያ ከአረሙ መሀል «አለሁ!» የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ ወዲያ ማን ያስለቅሳቸው? ሊያስተዛዝን የመጣውን ሁሉ «ልጄ አለሁ እያለኝ እርምሽን አውጪ ትሉኛላችሁ?» እያሉ አባረሩት። እህል በአፋቸው አልዞረም፤ ቀኑን ሙሉ ይጣራሉ፣ ቀኑን ሙሉ ይመለስላቸዋል።

ዛሬ ጠዋት ደቦተኛው የተነቀለውን ክምር ሊያቃጥል ተሰበሰበ። ክምሩ ሳምንት ፀሐይ መትቶት እንኳ አልደረቀም፤ የረጋ ውሃና የበሰበሰ ሥጋ ሽታ እየተፋ፣ ሲጠጉት ይሞቃል። አባ ዋሴ፣ የደቦው አለቃ፣ ክብሪት ሲያወጡ ከክምሩ ሥር ቀጭን ድምፅ «አለሁ» አለ። አያልሰው መንሹን አንስቶ ክምሩን እስከ መሬቱ ድረስ በታተነው። ተጎንጉኖ የተፈታ ፀጉር ከመሰለ ጥቁር ሥር በቀር ምንም አልነበረም። አባ ዋሴ ምንም እንዳልሰማ ሰው ክብሪቱን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

አያልሰው ገመዱን ወገቡ ላይ ማሰር ጀመረ።

«ተው ልጄ» አሉት አባ ዋሴ በሹክሹክታ። «ሳምንት ውሃ ውስጥ የከረመ ሰው ድምፁ አይሻክርም? አንዴ እንኳ አይስልም?»

«እናቴን ምን ልበላት ታዲያ?»

እናቱ ከኋላው ቆመው ነበር። «የለቀቅኸው አንተ ነህ» አሉት፤ ዓይናቸው ደርቋል። «ሳትይዘው ዓይንህን እንዳታሳየኝ።»

አያልሰው የገመዱን ጫፍ አነሣ። ለአባ ዋሴ አቀብሎ፣ «ስመልስ እስላለሁ» አላቸው። «ሳሉን ካልሰሙ ይጎትቱኝ።»

ገባ። ጭቃው እግሩን እየሳመ ለቀቀው፤ ከዚያ ቅጠሉ ከኋላው ገጠመና የሰው ድምፅ ራቀ። እንቁራሪት እንኳ ዝም ብላለች። የሚሰማው ከውሃው በታች ሥሮች ሲተሻሹ የሚያወጡት ለስላሳ ድምፅ ብቻ ነው፤ ባቱን ይዳስሱታል፣ ይተዉታል፣ ተመልሰው ደግሞ ይዳስሱታል።

«አያልሰው!»

«አለሁ!» ብሎ ሳለ። ገመዱ ላላ።

«እንየው!» ብሎ ተጣራ እሱም።

«አለሁ!» ፊት ለፊቱ። ቅጠሉን በሁለት እጁ እየከፈለ ሄደ። «አለሁ!» አሁን በቀኙ። «አለሁ!» አሁን እጅግ ቅርብ፣ ከደረቱ ሥር። የመጨረሻውን ቅጠል ገለጠ።

እንየው እዚያው ነበር፣ ፊቱ ወደ ላይ፣ አንድ ስንዝር ውሃ ሸፍኖት። አፉ እስከ ጉሮሮው ድረስ በሥር ጢም ብሎ ሞልቷል። ይህ አፍ ለማንም አልመለሰም፤ ሳምንቱን ሙሉ አልመለሰም።

«አለሁ!» አለ ከፊቱ በላይ ያለው ቅጠል።

ሥሮቹ የአያልሰውን ቁርጭምጭሚት ያዙ፣ ከዚያ ጉልበቱን፣ ከዚያ ክንዱን ከጎኑ ጋር አጣብቀው ሰፉት። ውሃው ከንፈሩ ላይ ደረሰ። ሊጮህ አፉን ሊከፍት ሲል አንድ ነገር ትዝ አለው፦ ሕጉ። ዝም ካለ ይጎትቱታል። ዝም ማለት ብቻ ነው! አፉን ጥርቅም አድርጎ ዘጋና፣ በአፍንጫው እየተነፈሰ፣ እግዚአብሔርን እየለመነ ጠበቀ።

«አያልሰው!» አሉ አባ ዋሴ ከሩቅ።

«አለሁ!» አለ የራሱ ድምፅ ከጆሮው ሥር፣ ከሐምራዊው አበባ ውስጥ፤ እንደ እሱ አድርጎም ሳለ፤ ገመዱም ወገቡ ላይ ቀስ ብሎ ላላ።