በስተቀኝ ያሉት ጎማዎች

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ በእጄ የነካሁትን ነው የምጽፈው።

ሌሊት አልነበረም... ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል፣ ጠራራ ፀሐይ።

አንድ ሰፊ የእንግዳ ማረፊያ ግቢ ውስጥ ጎሚስታ ነኝ። አባቴ እዚያው ሹፌር ነው። እንግዶችን ከበሩ እስከ ክፍላቸው በጎልፍ መኪና ያመላልሳል።

በዚያ ሳምንት መኪናዋ ወደ ቀኝ መሳብ ጀመረች።

ወደ ግቢው ኩሬ።

አባቴ ሁለቴ ለጥቂት ተረፈ።

ኃላፊው ጠራኝና "ሽማግሌው ዓይኑ ደክሟል። አንዴ ከደገመው ቁልፉን ያስረክባል" አለኝ።

አባቴን አውቀዋለሁ። ቤት ከዋለ ግድግዳ ሲያይ ነው የሚመሽለት።

ጥፋቱ የመኪናዋ መሆኑን ላሳይ ተነሳሁ።

አየሩን ለካሁ። አራቱም ጎማ ሃያ ሃያ። የፊቶቹን አቅጣጫ በሲባጎ አየሁ... ቀጥ ያሉ ናቸው።

የቀኞቹ ጥርስ ግን ዳርና ዳሩ ተበልቷል። መሃሉ አዲስ ነው። እንዲህ የሚበላ ጎማ ወይ አየር ያነሰው ነው፣ ወይ ጭነት የበዛበት።

አየሩ ደግሞ ሙሉ ነው።

በእያንዳንዱ ጎማ ላይ በጠመኔ አግድም አሰመርኩ። መሬት የተጫነው ቦታ ላይ ጠመኔው ይጠፋል፤ ክብደቱ እንዴት እንዳረፈ ያኔ ይታወቃል።

"አባዬ፣ ብቻህን በሩ ድረስ ነድተህ ና።"

የበሩ ዘበኛ ከሩቅ ጮኸ። "ጋሼ! ዛሬስ የዋና ልብስ ይዘዋል?"

አባቴ መልስ የማያጣ ሰው ነው። ዛሬ ግን ዓይኑን ከመሪው ሳያነሳ አለፈው።

ሲመለስ ጎንበስ ብዬ አየሁ። የግራዎቹ ጠመኔ እኩል ጠፍቷል። የቀኞቹ ግን ዳርና ዳሩ ብቻ...

ቀና አልኩ። አባቴ የወንበሩ ግራ ጠርዝ ላይ ተለጥፏል። ግማሽ ጭኑ ውጭ ነው።

"ለምን ተመቻችተህ አትቀመጥም?"

"ቦታ የለማ" አለ በሹክሹክታ።

"ማን አለና?"

"ዝም በል። ሥራህን ሥራ።"

አልፈራሁም። ምንም አልተሰማኝም። ጎሚስታ ጭነት ሲበዛ አየር ይጨምራል... ጨመርኩ። የቀኞቹን ሃያ አምስት አደረስኳቸው።

ኃላፊው እያየ አባቴ በኩሬው ጠርዝ ሄደ። መሪውን ሳይታገል፣ እንደ ክር ቀጥ ብሎ።

"ይሁን፣ ይቀጥል" አለ ኃላፊው።

አባቴ ሲመለስ ግን መኪናዋ ወደ ግራ ሳበች። ከቀኝ በኩል የሚጫናት ነገር የለም።

አባቴ ወንበሩ መሃል ላይ ተንሰራፍቷል።

"ቀለለኝ፣ ልጄ" አለ። "እዚያ... ያንተ የጎሚስታ ክፍል በር ላይ ወረደ።"

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ቤት ልሄድ ብስክሌቴን ፍለጋ ከጎሚስታ ክፍሌ ጀርባ ዞርኩ። ጠዋት ግድግዳው ላይ ነበር ያስደገፍኳት።

አሁን ከግድግዳው አንድ እርምጃ ርቃ፣ ማንም ሳይዛት ቀጥ ብላ ቆማለች።

የኋላ ጎማዋ እስከ ቸርኬው ተጨፍልቋል።

ጎንበስ ብዬ በጣቴ ጨመቅኩት።

ድንጋይ ነው... ቅንጣት አየር አልጎደለውም።