ከዶዮገና የመጣው ቧንቧ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው... ሆሳዕና፣ የራሳችን ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ።

ጠራራ ፀሐይ ነበር።

ሲላስ እባላለሁ። ሥራዬ የድሮ ቧንቧ አድሶ መሸጥ ነው። ሰው የጣለውን ነሐስ አቼቶ ውስጥ እዘፈዝፋለሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት እፈትጋለሁ፣ ጎሚኒውን ቀይሬ ቴሌግራም ላይ እለጥፋለሁ። ባለቤቴ ቤቴል "ከእኔ ይልቅ ቧንቧ ነው የምትዳብሰው" እያለች ትስቅብኛለች።

ይሄኛውን ያመጣልኝ አሮጌ ዕቃ የሚነግደው ናስረዲን ነው። ዶዮገና ከፈረሰ ቤት የተነቀለ የሲንክ ቧንቧ... አንገቱ ረጅም፣ ከባድ ነሐስ።

"ባለቤቶቹ ለምን አልወሰዱትም?" አልኩት።

"ማን ቀርቶ?" አለኝና ሞተሩን አስነሳ።

ስፈታው ውስጡ ረጅም ፀጉር ተጠምጥሞ አገኘሁ።

የቆሻሻ ማስወገጃው ቢሆን አይገርመኝም። ፀጉሩ ግን ውሃው በሚመጣበት በኩል ነበር...

አጽድቼ፣ ልሞክረው ብዬ የራሳችን ሲንክ ላይ ገጠምኩት። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። መጥታ እንዳታመልጠን ሁላችንም ቧንቧ ከፍተን፣ ሥሩ ጀሪካን ደቅነን እንተዋለን።

ፈረቃችን ገና ነበር። ውሃዋ ግን መጣች።

ጎረቤታችንን እትዬ አስናቀችን በአጥር ጠየቅኋቸው።

"ኧረ እኛ ጋ ጠብም አላለች፣ ልጄ።"

ወዲያው ልነቅለው ነበር። ግን ቤቴል የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛለች። ሐኪሟ ከባድ ነገር እንዳታነሳ ቢያስጠነቅቃትም እኔ ዞር ስል ከቦኖ ጀሪካን ትሸከማለች። ውሃው ቤቷ ድረስ ሲመጣላት ደስ አለኝ፤ ተውኩት።

ከዚያ ቤቴል ምግብ ተወች።

ውሃ ብቻ... ቧንቧው ሥር አፏን ደቅና ትጠጣለች።

"ቤቲ... በቃሽ።"

"ዝም በል... እየሰማሁ ነው።"

"ምኑን?"

"ልጁን እያጠቡት ነው" አለችኝ በሹክሹክታ።

"እነማን?"

ሆዷን ስነካው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

በኢየሱስ ስም... እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ነቀልኩት። መስመሩን በክዳን አጥብቄ ዘጋሁ። አንዲት የሙዱላ ሴት ቴሌግራም ላይ አይታ ለአዲስ ቤቷ ፈልጋው ስለነበር መናኸሪያ ወስጄ አስረከብኳት። ውሃው እንዳይጠጣ ብነግራት ሳቀችብኝ። እውነቱን ለመናገር አልለመንኳትም። የማስበው ሚስቴንና ልጄን ብቻ ነበር።

መኪናው ሲወጣ ቀለለኝ። ባጃጅ ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ።

በሩ ጋ ስደርስ ጀሪካን ሲሞላ ሰማሁ...

"ቤቴል?"

ወጥ ቤት ገባሁ። ክዳኑ እንደዘጋሁት ነው። ግድግዳው ደረቅ ነው።

ቤቴል ሲንኩ ላይ አንገቷን አስግጋ ቆማለች... አፏ ተከፍቷል።

ከአፏ ቀጭን፣ ጥርት ያለ ውሃ ሳያቋርጥ ጀሪካኑ ውስጥ ይወርዳል።

ዓይኔ ወደ ሆዷ ሄደ። ጠዋት ወጥሯት የነበረው ቀሚስ ላላ ብሎ ተንጠልጥሏል።

"ቤቲ... ልጁስ?"

ጀሪካኑ ሞላ።

አፏን ሳትዘጋ፣ እጇን ዘርግታ አጠገቧ የነበረውን ሌላ ባዶ ጀሪካን ወደ ራሷ ሳበች።